አማቼ አልሲድና ቀይዋ ነጥብ

አልሲድ ልጄን ኦዴትን ሊጠይቅ የመጣ ቀን በመጥረጊያ ነው ያባረርኩት። እሑድ ነበር፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በረንዳዬ ላይ ተቀምጧል። ምኗን ወደድክላት አልኩት፤ እናት አይደለሁ፣ እጠይቃለሁ። አሰበ፣ አሰበና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፦ «ዳሌዋ ላላ ያለ ነው እማማ። ስትዞር አትደናቀፍም።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? መጥረጊያው ቅርብ ነበር።

በኋላ ነው የገባኝ። እነሱ ሙያ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም። ዳሌው ላላ ያለ ልጅ እየሮጠ ድንገት ዞሮ ኳስ ይነጥቃል፤ ዳሌው የደረቀው እስኪዞር ሌላው አግብቶ ይጨፍራል። ሰውዬው ኮፍያውን ይዞ የመጣው ያለውን ትልቁን ቃል ሊሰጠኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ እስከ መንገዱ ድረስ አሯሯጥኩት። ኦዴት በመስኮት እያየች በሳቅ ሞተች። በዚያው ዓመት ተጋቡ።

ሥራው ሰው ማየት ነው። ትልቁ ሊግ ውስጥ ያለ አንድ ቡድን፣ ስሙን ተዉት ጠበቃ አለው፣ ሉዊዚያናንና ሚሲሲፒን እንደ ጉልት ሰጥቶት ከኮሌጅ ኮሌጅ ሲነዳ ይከርማል። ትምህርት የሚጨርሱትን ኳስ ተጫዋቾች ያያል፣ ይህ ይበጃል ይህ አይበጅም ይላል። ሚያዝያ ላይ ቡድኖቹ ተሰብስበው በየተራ ልጆቹን ይመርጣሉ፤ ያልተመረጠ እናቱ ቤት ይመለሳል። እግር ኳስ ይሉታል እንጂ እግር አይነካውም፣ የበሬ ግጭት ነው። እዚህ ከተማችን ኦፔሉሳስ ግን ይህን ኳስ ያልወደደ ሰው ቀባሪም አያገኝ።

ታዲያ ልጁ ምን ያህል ይሮጣል የሚለውን ሰዓት የያዘ ሁሉ ያውቀዋል። የአልሲድ ሥራ ከዚያ በኋላ ነው። የልጁን ፀጉር አስተካካይ ይጠይቃል፣ የኮሌጁን ወጥ ቤት ይጠይቃል፣ ጥሎት የሄደችውን ልጅ ይጠይቃል፤ እሷ ናት ደግሞ ሁሉንም የምትናገረው። ሲሸነፍ ማንን ይሰድባል? ለእናቱ ስንት ጊዜ ይደውላል? ባጭሩ ወሬ ለቃሚ ነው፣ በደመወዝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በነፃ የሠራሁትን!

ዓይኑ ደግሞ ዕረፍት የለውም። የአክስቴ ልጅ የተቀበረ ጊዜ እኔ በመሀረቤ ፊቴን ሸፍኜ ሳለቅስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ ከተሸካሚዎቹ በግራ በኩል ያለው ቁርጭምጭሚቱ ደርቋል፣ ደረጃው ላይ ይቸገራል አለኝ። ሰውዬው ደረጃው ላይ ተንገዳገደ፣ ሳጥኑ ዘመም አለ፣ እኔም በዚያው መሀረብ ሳቄን አፈንኩ። ዘመዶቼ እስከ ዛሬ እንዴት አምርራ አለቀሰች ይላሉ።

የአለቃው ስም ሆሊስ ነው። ድሮ ሁለቱም ተራ መልማይ እያሉ አንድ መኪና ውስጥ ተኝተው ያድሩ ነበር፣ ከቤንዚን ማደያ በሩዝ የተሞላ ቋሊማ እየገዙ በጉልበታቸው ላይ ይበሉ ነበር። በዚህ በኩል ሲያልፉ እኔ ቤት ነው ጋምቦ፣ ያንን የባሚያ ሾርባችንን፣ የሚጠጡት፤ ሆሊስ ሳህኑን በዳቦ ሲጠርገው ሳህኑ መታጠብ አያስፈልገውም ነበር። ከዚያ ሆሊስ የሁሉ አለቃ ሆነ። ሹመት አንገት ያረዝማል መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲያ ወደኛ ጓዳ ጎንበስ ብሎ መግባት አቃተው።

እንግዲህ ወደ ዶርሲ ልምጣ። ዶርሲ ከረግረጉ ዳር ካለች ትንሽ ኮሌጅ ነው። እናቱ ክሌሚ ፋብሪካ ውስጥ ክሮፊሽ የሚሉትን የረግረግ ሸርጣን ስትልጥ ነው ያሳደገችው፤ የዚያ ነገር ቅርፊት የጣቷን ጫፍ ጨርሶታል፣ ስትጨብጡኝ ቀስ አድርጉ ትላለች። አባት የለም። ማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፣ ግን አሁን የኔ ወሬ አይደለም።

ልጁን ማንም ሳያየው አልሲድ አየው። የሚሮጠውን ሰው እንደ ጥላ ተከትሎ ኳሷን ከአፉ ላይ የሚነጥቅ ልጅ ነው። አልሲድ ተመላለሰ፣ ጠየቀ፣ ዝናብ ላይ ቆመ፣ በመጨረሻ ለቡድኑ በጻፈው ላይ ለማንም ሰጥቶት የማያውቀውን ማዕረግ ሰጠው፣ ጠባዩም ወርቅ ነው አለ። ኦዴት ቅናት ያዛት፤ ስለኔ እንኳ እንዲህ ተናግረህ አታውቅም አለችው። እሱም በቁም ነገር፣ አንቺ ወደ ኋላ መሮጥ ላይ ትንሽ ትዘገያለሽ አላት። ይሄን ሰው ምን ትሉታላችሁ?

መጋቢት ላይ ቡድኑ ዶርሲን ወደ ሕንፃው አስጠራው፣ አልሲድም አብሮ ሄደ። እዚያ ልማድ አላቸው። ልጁን አንድ ወንበር ላይ ለብቻው ያስቀምጡታል፣ እነሱ ደግሞ በማዶ በኩል ይደረደራሉ። ስለ ኳሱ ጠያይቀው ሲጨርሱ አንዱ ክፉ ነገር ይናገራል፣ ልጁ ምን እንደሚያደርግ ለማየት። በቅሎ የሚገዛ ሰው ጎኗን በጣቱ ወጋ እንደሚያደርገው፤ ትራገጣለች ወይስ ትችላለች ብሎ። ብዙዎቹ ልጆች ይህን ያውቃሉ፣ ፈገግ ብለው ይውጡታል፤ ከዚያ ተመርጠው ሀብታም ይሆናሉ።

የወጋው ሆሊስ ነው። እንደዚህ ነው ያለው፦

«አባትህ ማነው? እናትህስ ታውቀዋለች፣ ወይስ እሷም እንዳንተ ትገምታለች?»

ዶርሲ አየው። ከዚያ ተነሳ። ድምፁንም አላነሳም ነው የሚሉት።

«እናቴ እዚህ ሥራ ልትጠይቅ አልመጣችም፣ ጌታዬ። የመጣሁት እኔ ነኝ። ስለኔ የቀረ ጥያቄ ካለ ውጭ እጠብቃለሁ።»

ወንበሩን ገፍቶ ከጠረጴዛው ሥር አስገባው፣ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋና ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ማንም ጥያቄ ይዞ አልመጣም። ኋላ ጃኬቱን ለብሶ ሄደ።

ውስጥ ሆሊስ ሳቀ አሉ። ይኸው ተራገጠ አለ። እነሱ ግድግዳ ላይ የልጆቹ ስም በየካርዱ ተሰቅሏል፣ ከላይ የሚፈለገው ከታች የማይፈለገው። ጠባዩ ያልታመነ ልጅ ካርዱ ላይ ቀይ ነጥብ ይለጠፍበታል፤ ቀይ ነጥብ ያለበትን ልጅ ዓለምን ቢያሸንፍም አይነኩትም። ሆሊስ ተነስቶ ዶርሲ ላይ ቀይ ነጥብ ለጠፈ። እነዚያ ሰዎች ደግሞ ምስጢር ጠባቂ ነን ይላሉ እንጂ ከኔ አይሻሉም፤ ሳምንት ሳይሞላ ሁሉም ቡድን ዘንድ ልጁ ስብሰባ ረግጦ ወጣ ተባለ።

አልሲድ ቤት ሲመጣ እንደ ታመመ ሰው ነው። እኔ በረንዳው ላይ አተር እፈለፍላለሁ፣ እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያየኛል፣ አይናገርም። እኔ ደግሞ የማይናገር ሰው አልወድም። በማግስቱ ስልኩ ሲጮህ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሆሊስ ነበር።

እማማ እንዴት ነሽ፣ ጋምቦሽ ናፈቀኝ፣ ምናምን አለ። እኔም ሚስትህ ተመለሰች ወይ ብዬ ጠየቅኩት፣ ለጨዋነት ያህል። ያልሰማ መስሎ ወደ ጉዳዩ ገባ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከምርጫው በፊት መልማዮቹ በሙሉ ተሰብስበው ስለ ልጆቻቸው ይናገራሉ፣ የቡድኑ ባለቤትም ይቀመጣል። አለቃው ቀይ ነጥብ የለጠፈበትን ልጅ አንድ መልማይ ጠባዩ ወርቅ ነው ካለ፣ ማን ነው የሚዋሸው ይባላል። ስለዚህ አልሲድ ልጁ ቁጡ ነው፣ አይታዘዝም ብሎ ቃሉን ያስተካክል፤ ሌላ ምንም አይጠበቅበትም። ካላስተካከለ ደግሞ የመልማዮች ውል የሚያልቀው ምርጫው ባለቀ ሰኞ ነው፣ አንቺም ታውቂያለሽ እማማ አለኝ። አውቃለሁ። በየዓመቱ ስንቱን ሰው በዚያ ሰኞ ሲያባርሩት አይቻለሁ።

እኔ እንግዲህ የአማቼን እንጀራ አስቤ ሆሊስ ያለውን ሁሉ ነገርኩት፣ ከራሴም ጨመርኩበት። ልጁ እንደሆነ በሌሎቹም ዘንድ ስሙ ጠፍቷል፣ አንተ አንድ ቃል ብትለውጥ ምን ይጎዳዋል? ዝም አይነቅዝም አልኩት።

አተሩን ከእጄ ወሰደና እየፈለፈለ፣

«እማማ፣ ልጁ ሲነሳ እኔ ተቀምጬ ነበር» አለኝ።

«ታዲያ አንተን ማን ሰደበህ?»

«እሱን ወደዚያ ክፍል የወሰድኩት እኔ ነኝ። ክሌሚ ጓዳ ገብቼ ቡናዋን ጠጥቼ፣ ልጅሽን ለሰዎች አሳየዋለሁ ብያት። ሆሊስ እንደዚያ ሲል ጫማዬን እያየሁ ተቀመጥኩ። አንዴ ተቀምጫለሁ፤ ሁለተኛ አልቀመጥም።»

አተሬን ተቀብዬው ቀጠልኩ። ማታ ኦዴትን ሲነግራት ደግሞ እሷ የኔ ልጅ ናት፣ አጭር ናት፤ ካባረሩህ ቤትህ አለ፣ ከዋሸህ ግን እዚያው መኪናህ ውስጥ እደር አለችው።

ስብሰባው ላይ እኔ አልነበርኩም። ለቡድኑ ቴክሳስን የያዘው መልማይ ግን ነበረ፣ ሚስቱ ሎሬይን ደግሞ ከባሏ አፍ ያልወጣውን እንኳ ታውቃለች፣ ስለዚህ እንደነበርኩ ቁጠሩኝ።

የዶርሲ ተራ ደረሰ። አልሲድ ስለ ሩጫው ተናገረ፣ ስለ እጁ ተናገረ፣ ስለ ዳሌው ተናገረ። ከዚያ ስለ ጠባዩ ሲደርስ ሆሊስ አቋረጠው። ለስለስ ብሎ ነው፤ ባለቤቱ ተቀምጧል።

«አልሲድ ወንድሜ፣ እዚያ ላይ ያልከውን አስተካክለውና እንለፍ።»

«የማስተካክለው የለም። ወንበሩን መልሶ ያስገባው አንተም እያየህ ነው። የተቆጣ ሰው ወንበር ይገለብጣል እንጂ አይመልስም።»

«ረግጦ ወጥቷል እኮ።»

«አንተ ስለ እናትህ እንደዚያ ብትባል ትቀመጥ ነበር?»

«ሊመረጥ የመጣሁት እኔ አይደለሁም» አለ ሆሊስ። አንዳንዱ ሳቀ።

አልሲድ ተነሳ። ወደ ግድግዳው ሄደ። ያንን ግድግዳ ከአለቃው በቀር ማንም አይነካውም፣ ደንብ ነው፤ ሎሬይን ስትነግረኝ ራሷ አፏን ይዛ ነበር። ሄደና ቀይዋን ነጥብ ከዶርሲ ካርድ ላይ በጥፍሩ ፈቅፍቆ አነሳት። ከዚያ የራሱ ደረት ላይ ለጠፋት፣ እዚህ፣ ሸሚዙ ኪስ ላይ።

«ሰው ስለ እናቱ ሲነሳ ይቺ የምትለጠፍበት ከሆነ፣ ለኔ ትሁን። እኔም ተነስቻለሁ፣ ዘግይቼ ነው እንጂ።»

«ተቀመጥ አልሲድ።»

«አልቀመጥም።»

እውነቱን ነው፣ አልተቀመጠም። እነሱ ስብሰባቸውን ቀጠሉ፣ ስለ ሌሎቹ ልጆች ተጨቃጨቁ፣ ምሳ ገባ፣ ምሳ ወጣ፣ አማቼ ቀይ ነጥቡን ደረቱ ላይ አድርጎ እንደ ቤተ ክርስቲያን ምሰሶ ቆሞ ዋለ። ጉልበቱን እኮ ያመዋል፤ ድሮ ራሱ ሲጫወት የተሰበረ ነው። የቴክሳሱ ሰው እንኳ ወንበር ገፋ አድርጎለት ነበር፣ አመሰግናለሁ ብሎ መልሶ ከጠረጴዛው ሥር አስገባው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው። ሆሊስ ሌላ ነጥብ አምጥቶ ዶርሲ ላይ ደግሞ ለጠፈ፤ ነጥብ ሞልቷል፣ በጥቅል ነው የሚመጣው።

ምርጫው በቴሌቪዥን የሚታይ ነው፣ ቀናት ይፈጃል። የመጨረሻውን ቀን ሁላችንም ክሌሚ ቤት ነበርን። ጋምቦ ሠርታለች፣ ጎረቤቱ ሞልቷል፣ የተመረጠ ይደወልለታልና ዶርሲ ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያያታል። ስም ይጠራል፣ የሌላ ሰው እናት ታለቅሳለች። ስም ይጠራል፣ እንደገና የሌላ። አልሲድ ጥግ ላይ ቆሟል። የመጨረሻው ስም ተጠራና አለቀ። የዶርሲ ስልክ አልጮኸችም።

ክሌሚ ቴሌቪዥኑን አጠፋች። ልጇን፣ እዚያ ሕንፃ ውስጥ ምን አድርገህ ነው አለችው፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። እስከዚያ አልነገራትም ነበር። ነገራት፤ የተጠየቀውን ቃል በቃል ነገራት። ጎረቤቱ ሁሉ ወለሉን ማየት ጀመረ። እኔ እንኳ ወለሉን አየሁ።

«ስትወጣ ወንበሩን መልሰሃል?» አለችው።

«መልሻለሁ እማዬ።»

«እንግዲያው ብላ። ሁላችሁም ብሉ፣ ይቀዘቅዛል።»

በላን። እንደ ሠርግ ነው የበላነው፤ ማን ያፍራል?

ሰኞ አልሲድን አባረሩት። በስልክ ነው፣ ሆሊስም አይደለም፣ የሆነች ልጅ ናት የደወለችለት፤ መኪናውን መልስ አለችው። መለሰና በአውቶቡስ መጣ። በማግስቱ ኦዴት ወደ ሥራዋ ስትሄድ እሱ የኔን ስልክ ይዞ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። የሁሉንም ቡድን መልማይ ያውቃል፣ ከእያንዳንዱ ጋር አንድ ቦታ ዝናብ መቶታል። ደወለላቸው። አልሲድ ደኩዊር ነኝ ይላል፤ ቡድን የለኝም፣ በአንድ ልጅ ምክንያት ተባርሬያለሁ፣ ልጁን እዩት። ረግጦ የወጣው ነው ወይ ይሉታል። አዎ እሱ ነው፣ ለምን እንደወጣም ልንገርህ ይላል። የሚዘጋበት አለ። የሚስቅ አለ። አንዱ አንተ ሰውዬ ኮሚሽን አለህ ወይ ብሎታል። ያባረሩትን ውሻ የሚመስል ነገር ነበረው፣ ግን የሚነክስ ውሻ፤ ይዘጉበታል፣ እንደገና ይደውላል።

በመጨረሻ አንድ የሰሜን ቡድን፣ ያ በረዶ የማይለቀው አገር፣ ይምጣና እንየው አለ። ውል የለም፣ ስም የሌለው መለያ ይሰጡታል፣ ካልወደዱት በመጣበት ይመለሳል። ዶርሲ ሄደ። ከዚያ ሌላ ሳምንት ቆየ። ከዚያ ሰኔንም ሐምሌንም ቆየ። ነሐሴ ማለቂያ ላይ ሌሎቹን ሲያሰናብቱ እሱን አላሰናበቱትም። ገና አያሰልፉትም፣ ከሚሰለፉት ጋር ልምምድ ይሠራል። ክሌሚ ግን ፋብሪካው ውስጥ መለያውን ለብሳ ነው ክሮፊሽ የምትልጠው፣ አለቃዋ ቢቆጣት አልሰማ ብላለች።

አልሲድ አሁን እዚህ ትምህርት ቤት ልጆች ያሰለጥናል። ደመወዙ የድሮውን ጫፍ አይነካም፣ ያም ሆኖ ቤቱ ይተኛል፤ ኦዴት ወፍራለች።

መስከረም ላይ ሆሊስ ደወለ። አልሲድ እኔ ጓዳ ውስጥ ባሚያ እየከተፈልኝ ነበር፤ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት፣ እጁ ዝልግልግ ስለሆነ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። ሆሊስ ዙሪያ ጥምጥም ሄደ። የቡድኑ ባለቤት ያንን የረግረግ ልጅ ማን ነበር ያየው ብሎ ጠይቋል። ቦታህ ክፍት ነው፣ መኪናውም አለ። አንድ ነገር ብቻ፦ በዚያ ቀን በነጥቡ ነገር ክፍሉ ውስጥ የነበሩትን ይቅርታ በላቸውና ይለቅ።

አልሲድ መክተፉን አላቆመም።

«ክሌሚ ጋ ደወልክ?» አለው።

«የማን ክሌሚ?»

«የልጁ እናት። ቁጥሯን ልስጥህ። እሷን ይቅርታ በላትና፣ እኔ ደግሞ የፈለግከውን ክፍል ዞሬ ይቅርታ እላለሁ፣ የጽዳት ሠራተኛዋንም ሳይቀር።»

«አልሲድ፣ እሱማ የሥራ ጥያቄ ነበር። ሁላችንም እንጠይቃለን። አለቃ ለእያንዳንዱ ልጅ እናት እየደወለ...»

«እንግዲያው ባሚያ እየከተፍኩ ነው» አለና በክርኑ ስልኩን ዘጋው።

እኔ ወዲያው ያልኩት ነገር ቢኖር ባሚያውን ወፍራም አድርገህ ነው የምትከትፈው፣ አሳንሰው ነው። ቀና ብሎ አየኝ። አላሳነሰውም።